ያልተጠጣው ሻይ

አቶ አስፋው የተገኙት የማታ ተማሪዎቻቸውን በሚያስተምሩበት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ወድቀው ነው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ቀኝ እጃቸው ጠመኔውን አልለቀቀም። ሲመሽ ከጎረቤት ለቅሶ የተመለሱት ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ መብራቱ እንደበራ ሲያዩ ትምህርቱ ያላለቀ መስሏቸው ብርጭቆ ሊሰበስቡ ነበር የገቡት።

ኢንስፔክተር ጃለኔ ስትደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ሰሌዳውን አየች። በትልልቅ የላቲን ፊደላት ሁለት ቃላት ተጽፈውበታል። ከቃላቱ ሥር በስተግራ አንዲት አጭር የጠመኔ ጭረት አለች፤ ሊጽፍ ጀምሮ የተወ ሰው እጅ ትመስላለች።

ሳጅን ሀምዱ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየለየ አነበበ። “ሜያ ኩልፓ። የሰው ስም ነው እንዴ አለቃ?”

“ላቲን ነው ጋሽ ሀምዱ። ‘በእኔ ጥፋት’ ማለት ነው።”

“ታዲያ ገዳዩ ፈርሞልን ሄዷላ።”

ጃለኔ ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፉት ሌሎች ጽሑፎች አመለከተችው። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፤ የሟቹ። ሀምዱ ራሱን ወዘወዘ። ጥፋቱን የፈረመ ሰው ራሱን ከኋላ አይመታም አለ።

የተመቱበት የግቢው በር መቀርቀሪያ ብረት ነው። ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ተገኘ፤ ዝናቡ ሊታይበት የሚችለውን ሁሉ አጥቦታል። ክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አግዳሚው ላይ፣ ትሪ ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ሌሎቹ ተጠጥተው የስኳር ዝቃጭ ብቻ ቀርቶባቸዋል። አንዱ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ቀዝቅዟል። ሀምዱ አጎንብሶ አሸተተውና በጠርሙስ ቀዳው። መርዝ ሊኖርበት ይችላል አለ። ጃለኔ ግን ሰውየውን የገደለው ብረት መሆኑን እያየች ስለ ሻዩ ብዙም አላሰበችም። አንዱ ተማሪ ቸኩሎ ትቶት ሄዶ ይሆናል ብላ አለፈችው።

አቶ አስፋው የሜቱ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ጠበቃ ነበሩ። ቀን ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ከሁሉም በላይ የሚወዱት እንግሊዞች እስከ ዛሬ ሳይተረጉሙ የሚናገሯቸውን የላቲን አባባሎች ነው። ለእያንዳንዱ አባባል ተማሪው ከራሱ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ያስገድዱታል። ከተማው ጋሼ ላቲን ይላቸዋል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዘርጋ መናኸሪያው አጠገብ በርና መስኮት የሚሠራበት ብየዳ ቤት አለው። ሽርጡን ሳያወልቅ ሮጦ መጣ። ሬሳውን ካየ በኋላ ዓይኑ ፖሊሶቹ በላስቲክ የጠቀለሉት ብረት ላይ አረፈ። እሱ ራሱ ቆርጦ፣ እሱ ራሱ በይዶ ለወንድሙ በር የገጠመው ብረት ነው። አላለቀሰም። የነዚፍን ስም ብቻ ጠራ።

ነዚፍ ከአባቱ በወረሰው የኪራይ ሱቅ ጨርቅ የሚሸጥ ወጣት ነው። አቶ አስፋው ለሕንፃው ባለቤት ቆመው አስፈረዱበት፤ ሱቁም ታሸገ። ሰውን ያስገረመው ነዚፍ ቀን ከሰውየው ጋር እየተካሰሰ ማታ እሳቸው ዘንድ መማሩን አለመተዉ ነው። ሱቁ በታሸገ ዕለት ግን ገበያ መሀል ደርሶባቸው “ኩዊድ ፕሮ ኩዎ” ብሎ ጮኸባቸው። ትርጉሙን ማንም አላወቀም፤ ፊቱን ግን ሁሉም አንብቧል።

ዘርጋ ይህን ከነገራት በኋላ ድንኳን የሚተክሉትን ጎረቤቶች አሳያት።

“የወንድሜን ደም ሳልመልስ ይኼ ድንኳን አይነሳም። እናንተ ብታስሩትም፣ ዳኛ ቢለቀውም፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ።”

*

ነዚፍ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አልተደናገጠም። ጎሬ ነበርኩ አለ። ከትምህርት እንደወጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ አጎቱ ጋሼ ኢክረማ ቤት አድሯል።

ገበያ ላይ ስለጮኸው ስትጠይቀው ፈገግ አለ። “አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ መቀበል ማለት ነው ኢንስፔክተር። ፈረንጅ ለንግድም ይለዋል፣ ለጉቦም ይለዋል። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ሱቄን ወስዶ ቃል ሰጠኝ፤ ቃሉን መለስኩለት።”

“ብረቱንስ?”

“ብረት አልሸጥም። ጨርቅ ነው የምሸጠው።”

ጋሼ ኢክረማ ጎሬ ላይ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ልጁ እሳቸው ዘንድ ማደሩን ማሉላት። የእንግዳ መኝታ ክፍሉን ሳይቀር አሳይተዋት ጃለኔ ልታምናቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ስትመለስ ግን የሚኒባሱ ረዳት ከሾፌሩ ጋር ሲያወራ ሰማች። በዚያ ምሽት አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ መንገዱ ላይ ወድቆ ከሜቱ ወደ ጎሬ ያለፈ መኪና አልነበረም። ረዳቱ ራሱ ከተሳፋሪዎቹ ጋር መኪናው ውስጥ እንዳደረ በምሬት ነው የሚያወራው።

ነዚፍ ታሰረ። ፍርድ ቤቱ አጭር ቀጠሮ ሰጠ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዘርጋ ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ መቀመጥ ጀመረ። ማንንም አይሳደብም። በሩን ብቻ ያያል። ሀምዱ ሁለት ጊዜ ሄዶ አናገረው፤ ሁለቴም አንድ መልስ ይዞ ተመለሰ። ሲወጣ ልየው ነው የሚለው።

*

ያን ምሽት ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። አበባየሁ የያዮ ማር ነጋዴ ነው፤ ቁጡና አንገተ ደንዳና። አቶ አስፋው በፍቺው ክስ ለሚስቱ ጠበቃ ሆነው ከቆሙበት በኋላም ትምህርቱን አላቋረጠም። ለምን ስትለው የከፈልኩትን ለምን ልተው አላት። ከትምህርት ወጥቶ ብቻውን ቤቱ ገብቷል፤ ያየው ሰው የለም። ሀምዱ ስሙን ከነዚፍ ቀጥሎ አስቀመጠው።

ኡርጌ ከዳሪሙ የመጣች፣ ሜቱ ውስጥ ፎቶኮፒና የጽሕፈት ሥራ ያላት ልጅ ናት። ጃለኔ ሱቋ ስትገባ የማሽኑን የወረቀት ማስገቢያ ከፍታ የተነከሰ ወረቀት እየጎተተች ነበር። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ። ኡርጌ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል መርጣ የምትናገር ናት። የት ነበርሽ ስትባል ብቻዋን በዝናብ ወደ ቤቷ መሄዷን ተናገረች።

“አሊባይ የለኝም ኢንስፔክተር። ጋሼ አስፋው ያስተማሩን መጀመሪያ እሱን ነው። በላቲን ‘ሌላ ቦታ’ ማለት ነው። እኔ ሌላ ቦታ አልነበርኩም፤ መንገድ ላይ ነበርኩ።”

ስለ አስተማሪው ስትጠየቅ መጀመሪያ ወረቀቱን ጎትታ አወጣች። “ቃል ያውቃሉ” አለች ከዚያ። ጃለኔ ወደደቻት። በዚህ ጉዳይ ላይ የተዘጋጀ ወሬ ይዛ ያልጠበቀቻት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

መህዲን ያገኘችው ወንዝ ዳር ባጃጁን ሲያጥብ ነው። የኋላ መስታወቱ ላይ በቢጫ ቀለም ካርፔ ዲየም የሚል አለ። “ቀኑን ቅጠፈው” ማለት ነው ብሎ ሳትጠይቀው አስረዳት። ጋሼ ላቲን እንደነገሩት ድሮ አንድ ገጣሚ ዕድሜ አጭር ነው ሊል ተናግሮታል፤ ዛሬ ፈረንጅ ኬክ ሊበላ ሲል ይለዋል።

“እኔ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሳያየኝ ሳልፍ” አለ።

ጃለኔ አልሳቀችም። የኋላ መቀመጫው መንጠቆ ላይ የተያዘ ሰማያዊ ክር እያየች ነበር። ጎትታ አወጣችው። አዲስ የጨርቅ ጣቃ ክር ነው፤ ገና ያልታጠበ፣ ያልተሰፋ።

“መህዲ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ጨርቅ የምትጭነው?”

ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። ሁሉንም ተናገረ። ያን ምሽት ከትምህርት እንደወጡ እሱና ነዚፍ በታሸገው ሱቅ የኋላ መስኮት ገብተው ጨርቁን በባጃጅ አመላልሰው ወደ ነዚፍ እህት ወደ ሉባባ ቤት ወስደዋል። የዳኛ እሽግ መስበር ያሳስራል ብለው ፈርተው ጎሬ የሚባል ወሬ ፈጠሩ። ሀምዱ ሉባባ ቤት ሄዶ ጣቃዎቹን አልጋ ሥር ተደርድረው አገኘ። ዕቃው ሲወርድ ያየው የሉባባ አከራይም ሰዓቱን አረጋገጠ።

መህዲ ምላሱ ከተፈታ አይቆምም። የመጨረሻውን ትምህርት ጃለኔ ሳትጠይቀው አወራላት። ጋሼ ላቲን ሲያስተምሩ እጃቸውን ወርወር ሲያደርጉ ሻይ ደፉ። “ሜያ ኩልፓ” ብለው ሳቁ፤ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያ የዕለቱ ትምህርት ያው ሆነ። ድሮ በቤተ ክርስቲያን ሰው ደረቱን እየመታ ኃጢአቱን የሚናዘዝበት ቃል እንደነበር፣ ዛሬ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀጠሮ ሲያረፍድ፣ የሰው እግር ሲረግጥ እንደቀልድ እንደሚለው አስረዱ።

“ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ታዲያ ሰው የገደለ ሰው ዛሬ ምን ይላል ብሎ ጠየቃቸው። ምን አሉ መሰለሽ? ‘እሱማ ጠበቃ ይጠራል።’ ሳቅ በሳቅ ሆንን።”

ጃለኔ ይህንንም እንደ መህዲ ቀልድ ሰምታ አለፈችው። ማን ጠየቀ አላለችም።

*

ዘርጋ የመህዲን ቃል ሲሰማ ጓደኛ ለጓደኛ መሰከረ አለና ሳጥኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የነዚፍ ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። ዓቃቤ ሕጉ በግድያ ሊይዘው እንደማይችል ተናግሯል። ጃለኔ ይህን ልትነግረው ወደ ማረፊያ ቤቱ ስትገባ ነዚፍ በትንሿ መስኮት መንገዱን እያየ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ፈገግታው ጠፍቷል።

“ሰውየው ምሳ እንኳ እዚያው ነው የሚበላው” አላት። “ኢንስፔክተር፣ ሌላ ሰው እስክታገኙ አትልቀቁኝ። እሽጉን ሰብሬያለሁ፤ በእሱ እሰሩኝ።”

ሀምዱ በበኩሉ ከሆስፒታል የመጣውን የፖስት ሞርተም ውጤት ይዞ ጠበቃት። ሞት ያመጣው አንድ ምት ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ ሻይ እንጂ ሌላ የለም። ጃለኔ ፖስት ሞርተም ራሱ ላቲን መሆኑን፣ “ከሞት በኋላ” ማለት እንደሆነ ስትነግረው ሀምዱ ፀጉሩ እስኪሸብት ላቲን ሲናገር መኖሩ ገረመው።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመለሰች። እትዬ ጥሩ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠችና ስለዚያ ምሽት ደግማ ጠየቀቻቸው። አዲስ ነገር አልነበራቸውም። ሻይ አቅርበው ወደ ጎረቤት ሄዱ፤ ሲመለሱ ባላቸው ወድቀዋል። ብርጭቆውን ስታነሳባቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ።

“እሱማ ሁልጊዜ ነው ልጄ። ይኼን ዓመት ሙሉ አንዱ እንደሞላ ይመለስልኛል። አንዱ ልጅ ጨጓራ አለበት ብዬ ሳላማርር እደፋለሁ።”

ጃለኔ እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

የአባቷ አገር ሰዎች ከአንድ ምንጭ ይቀዱ ነበር። አንድ ቀን በሁለት ቤቶች መካከል ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ የሟቹ ወገኖች ከገዳዩ ቤት ውሃ መቅመስ ቀርቶ ያንን ምንጭ ትተው ሩቅ ወንዝ ይወርዱ ጀመር። ጃርሶሊ፣ አገር ሽማግሌዎቹ፣ መሀል ገብተው ጉማ አስከፍለው፣ የደሙን ካሳ ተቀብለውና አስታርቀው ከአንድ ዕቃ እስኪያጠጧቸው ድረስ ከንፈራቸው የዚያን ቤት ነገር አልነካም። ጃለኔ ልጅ ሆና ውሃው ቆሽሿል ብላ ታስብ ነበር።

“እትዬ ጥሩ፣ ይህ ቤት ደም አለበት?”

እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ከዓመታት በፊት ዳሪሙ መገንጠያ ላይ አንድ ወጣት በመኪና ተገጭቶ ሞተ። መኪናው አልቆመም። ሰዎች ያቶ አስፋው መኪና ነው አሉ። እሳቸው በደሌ ሆቴል እንደነበሩ ምስክር አቀረቡ፤ መዝገቡም ተዘጋ። ከዚያ ሽማግሌዎች ከዳሪሙ መጡ። እስር አንፈልግም፣ ሰው ሳያስበው ይገጫል፣ ወጥቶ ጥፋቱን ይመን፣ በጉማ እንታረቅ አሉ። አቶ አስፋው ከቤት አልወጡም። ያመነ ሰው በሕግ ይያዛል ብለው ፈሩ።

“ውሃ ወሰድኩላቸው” አሉ እትዬ ጥሩ። “በወጉ ተቀበሉኝና መሬት ላይ አስቀመጡት። አንዱም አልጠጣም።”

“ያን ቀን በደሌ ነበሩ?”

“ፍርድ ቤት በደሌ ነበሩ ብሏል ልጄ።”

የሟቹን ወጣት ስም ስትጠይቃቸው አያውቁትም ነበር።

ጃለኔ ስሙን ከዳሪሙ ፖሊስ ልታገኝ ደወለች፤ መስመሩ አልሠራም። ኡርጌ የዳሪሙ ልጅ መሆኗን አልረሳችም፤ የመጡበት አገር ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ተማሪዎቹን መጠየቅ ደግሞ አልፈለገችም። ለመህዲ የተነገረ ነገር ከባጃጁ ቀድሞ ከተማውን ይዞራል፤ ነዚፍ ደግሞ ማን እንደሚጠጣ ማን እንደሚተው ልብ ብሎ እንደማያውቅ ነግሯታል። ማግስቱ ሠልስት ነው፤ ሁሉም ይመጣሉ። ያ ሰው ዛሬም ከዚህ ቤት አይቀምስም። ማየት ብቻ በቂ ነው።

*

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ዘርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥኑን ትቶ ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጧል። ጃለኔ ከሴቶቹ መሀል፣ ሀምዱ ከበሩ አጠገብ ሆነው ጠበቁ። ሀምዱ ዓይኑን ከአበባየሁ አልነቀለም።

ሻይ መጣ። አበባየሁ ተቀበለ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን ዘርግቶ ድጋሚ አስቀዳ። መህዲ እያወራ ጠጣ። ኡርጌ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ዝቃጩ ጨረሰችው።

የጃለኔ ግምት ከሸፈ። ሀምዱ ከማዶ በዓይኑ ጠየቃት፤ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሁሉም ጠጥተዋል። ነገ ነዚፍ ይወጣል፤ ዘርጋ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ልትነሳ ነጠላዋን ስታስተካክል የመህዲን ድምፅ ሰማች፤ ለቅሶ ቤት ነውና ዝቅ አድርጎ ነው የሚቀልደው።

“ኡርጌ፣ ጨጓራሽ ዳነ እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ሻይ አይስማማኝም ስትዪን።”

“ዳነ” አለች ኡርጌ። ባዶውን ብርጭቆ ትሪው ላይ መለሰች።

ጃለኔ ተመልሳ ተቀመጠች። አለመጠጣቱን ስትፈልግ መጠጣቱን ልታልፈው ነበር። የማይቀመሰው ደሙ እስኪመለስ ነው። የተመለሰለት ሰው ይጠጣል።

“መህዲ” አለች ቀስ ብላ፣ “ሰው የገደለ ምን ይላል ብሎ ጋሼ አስፋውን የጠየቃቸው ማን ነበር?”

መህዲ በአገጩ ወደ ኡርጌ አመለከተ። እሷ ግን ተነስታ ከድንኳኑ እየወጣች ነበር።

*

አልሮጠችም። ጃለኔ የደረሰችባት ግቢው በር ላይ፣ መቀርቀሪያው የተወሰደበት ባዶ ቀለበት አጠገብ ነው። የምርመራ ክፍሉ በር ሲዘጋ ኡርጌ በኦሮምኛ ጀመረች።

ወንድሟ ዬሮሳን ይባላል። መኪናው ሲገጨው ለእሷ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቶ፣ አባቷ ዛሬም ወደሚኖሩበት የዳሪሙ ቤታቸው እየተመለሰ ነበር። እናቷ እስኪሞቱ ድረስ ሽማግሌዎቹ ደግመው እንዲሄዱ ይለምኑ ነበር። ካሳ አልነበረም የፈለጉት። አንድ ሰው ወጥቶ እኔ ነኝ እንዲላቸው ነው። ኡርጌ ሜቱ የመጣችውም፣ የሰውየው ተማሪ የሆነችውም ይህን ልትሰማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሻዩን ተቀብላ ሳትቀምስ እየመለሰች ጠበቀች።

“አሊባይን ያስተማሩን ቀን ከሕይወታችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉ። ‘ዳሪሙ መንገድ ላይ ወንድሜን የገደለው ሰው አሊባይ አለኝ አለ’ ብዬ ጻፍኩ። ፊታቸውን አየሁት። ምንም የለም። ጎበዝ አሉኝ። ትክክለኛ አጠቃቀም ነው አሉ።”

ጃለኔ የመጨረሻውን ምሽት ጠየቀቻት።

“ሻይ ቀሚሴ ላይ ደፍተው ሜያ ኩልፓ አሉ። እየሳቁ። ለሻይ። እናቴ ያን ቃል ሳትሰማ ነው የሞተችው፤ እሳቸው ለቀሚሴ ጫፍ ሰጡኝ። ሌሎቹ ሲሄዱ ከመንገድ ተመለስኩ። የበሩን ብረት ያነሳሁት እንዲፈሩ ነው፤ እንዲጽፉ። ዳሪሙ መንገድ ላይ የተገጨው ልጅ እኅት ነኝ አልኳቸው። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ ሥሩ የሟቹን ስም ጻፉ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኩ። እውነቴን ነበር፤ እሄድ ነበር።”

“ቃሉን ጻፉት።”

“ጻፉት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የለመዱት ቃል ነው። ወደ ስሙ ሲደርሱ ጠመኔውን አስነኩና ቆሙ። ዞር ሳይሉ ‘ስሙ ማን ነበር?’ አሉኝ።”

ጃለኔ ያቺን አጭር ጭረት አስታወሰች።

“የገደሉትን ሰው ስም አያውቁትም” አለች ኡርጌ። “የቄሳርን ንግግር በቃላቸው ያውቃሉ።”

አላለቀሰችም። ይቅርታም አልጠየቀችም። ቃሏ ተጽፎ ሲነበብላት አንድ ቦታ ብቻ አረመች፤ የወንድሟ ስም በስህተት ተጽፎ ነበር።

*

ነዚፍ በእሽጉ ጉዳይ ዋስ ጠርቶ ሊወጣ ሲል ዘርጋ መንገዱን ተሻግሮ ደጃፉ ደርሶ ነበር። የጃኬቱ አንድ ጎን ከብዶ ዘንበል ብሏል። ሀምዱ ጃኬቱ ውስጥ የደበቀውን ብረት ቀማውና ይዞት ወደ ውስጥ አስገባው። ጃለኔ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

“ነዚፍ አይደለም ጋሼ ዘርጋ። ያደረገችው አምናለች።”

ማን ናት ከማለቱ በፊት ኡርጌን ከምርመራ ክፍሉ አወጧት። ዘርጋ አያት። ለቅሶ ላይ የወንድሙን ቤት ሻይ ስትጠጣ አይቷታል። ወደ እሷ ሲራመድ ሀምዱ መሀል ቆመ።

ኡርጌ ኦሮምኛዋን ትታ፣ እሱ እንዲሰማት፣ በአማርኛ ጃለኔን ጠየቀቻት።

“ወንድሜን የገጨውን መኪና ግንባር ያቃናው እሱ ነው?”

ዘርጋ ቆመ። ብየዳ ያቃጠላቸው ጣቶቹ ተጨበጡ፤ ተመልሰው ተዘረጉ። ጃለኔ ፊቱን እያየች መልሱን ሳትጠይቅ አወቀችው። በደሌ ነበረ የተባለውን መኪና፣ የተሰበረ መብራቱን፣ የተጨማደደ ግንባሩን፣ በዚያው ሰሞን በዚህ እጅ አስተካክሎ ዝም ያለው እሱ ነው። ወንድሙን ከእስር ያተረፈለት መስሎት ነበር።

“አንዲት ቃል ብትናገር” አለችው ኡርጌ፣ “ዛሬ ወንድምህ ከሽማግሌዎች ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር።”

ሀምዱ ጭንቅ ሲገባው የሚያደርገውን አደረገ፤ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ መጣ። ጣቢያው ውስጥ ያለችው ኩባያ አንድ ናት። ለኡርጌ ሰጣት፤ ጠጣች። ሞላና ያንኑ ኩባያ ለዘርጋ ዘረጋለት።

ዘርጋ በወጉ ተቀበለ። ውሃውን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጃኬቱን ቆልፎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሳጥኑ ወዳለበት ሳይሆን ወደ መናኸሪያው፣ የዳሪሙ መኪኖች ወደሚሞሉበት ዞረ።

ሀምዱ ኩባያውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ጃለኔ ዘርጋን ተከተለው አለችው። ራሷ ስልኩን አነሳች። ይህን ጊዜ የዳሪሙ መስመር ሠራ። የዬሮሳን አባት ቤት ደጃፍ ላይ አሁኑኑ ፖሊስ እንዲቆም አዘዘች።